ከዋሻዋ የወጣችው ሥዕል

ፒያኖው ላሊበላ የገባው በአይሱዙ ነው፤ ከሲሚንቶ ኩንታል ጋር ተጭኖ። ከጋሸና ወዲህ ያለው መንገድ ያን ጊዜ ገና ኮረኮንች ስለነበር ሲያንገጫግጨው መጥቶ ሦስት ቁልፎቹ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ስድስት ጎልማሶች ተሸክመው ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ሲያስገቡት በር ላይ ቆሜ አየሁና የሬሳ ሣጥን መሰለኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከኋላ የሚያለቅስ ሰው ባጣ ግራ ገባኝና ለወጉ ያህል እኔው ትንሽ አለቀስኩ። አባቴ ሥዕሎቹን በብብቱ እንደያዘ ዞር ብሎ ምን ሆንሽ አለኝ። የሞተው ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሳስቻለሁ። ያኛው ስህተቴ ግን ማንንም አልጎዳም።

ሣጥኑ የጋሽ ዘመን ነበር። ጋሽ ዘመን አዲስ አበባ ሙዚቃ ተምሮ፣ በየባንዱ ሲጫወት ኖሮ፣ የእህቱን ሆቴል ሊያስተዳድር ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ጥፍሩን የሚሞርድ ወንድ ላሊበላ አይቶ ስለማያውቅ የሰፈሩ ሰው ያማው ነበር። እኔ ግን ከመላእክት ወገን አድርጌ ነበር የማየው። ምክንያቱም የአባቴን ሥዕል ወንበር ስቦ፣ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከእሱ በቀር አላውቅም። ቱሪስት ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይሄዳል። ጋሽ ዘመን ግን አራት ሥዕል ለአዳራሹ ገዝቶ ካሰቀለ በኋላ እያንዳንዳቸው ፊት ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይቀመጥ ነበር።

አባቴ አረጋ ሠዓሊ ነው። ቀለም መበጥበጥ የተማረው ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፣ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር ሆኖ ነው። ላሊበላ መጥቶ እናቴን ሽታዬን አገባና ለቱሪስት በብራና ላይ መላእክት እየሣለ ቤቱን ያኖር ጀመር። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። መምህሩ ሁለት መቅደስ ሥሎ ነው የሞተው፤ አባቴ ገና አንድም አልሣለም። ብልባላ አጠገብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነበር፤ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ተመቷል። አሠሪ ኮሚቴው መቅደሱን አረጋ ይሣለው ብሎ ተስማምቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ትጀምራለህ ብለውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ማን እንደሚሆን፣ በሩ ላይ የሚቆሙት መላእክት ሰይፋቸውን በየትኛው እጃቸው እንደሚይዙ፣ ሰማያዊውን ከየት እንደሚያስመጣ ያወራል። እናቴ ምሳ ስታቀርብ «መቅደሱ ይብላ እንጂ» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም አይቆጣም፤ እየሳቀ ይጎርሳል።

ጋሽ ዘመን በመጀመሪያው ሰሞን አባቴን አንድ ነገር ጠየቀው። ለምንድነው አንዳንዱን በአንድ ዓይን፣ አንዳንዱን በሁለት ዓይን የምትሥለው አለው። ላሊበላ ተወልዶ ይህን አለማወቁ እኔን እንኳ አሳፈረኝ። አባቴ ግን በትዕግሥት አስረዳው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጥሃል፣ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥእ ግን ወደ ጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው አለው። ጋሽ ዘመን ሄዶ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ። ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በቀኙ ብቻ የሆነ ነገር ተጫወተ፤ ጎዶሎ፣ የሚያነክስ ነገር። ቀጥሎ ሁለቱንም እጆቹን አነሣና ያንኑ ደገመው። እኔ ሳላስበው ሁለት ዓይን ያለውን መልአክ በጣቴ አሳየሁት። ጋሽ ዘመን አየኝና ነይ ተቀመጪ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥ ብዬ ወደ ሆቴሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቱሪስቶቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያዩ ስለሚወጡ አዳራሹ ባዶ ነው። ጋሽ ዘመን አንዱን ሥዕል ከግድግዳው ያወርድና ፒያኖው ላይ ያቆመዋል። ምን ታያለሽ ይለኛል። ክንፉ ቀይ ነው፣ ፈረሱ ተቆጥቷል እለዋለሁ። አትንገሪኝ፣ ምቺው ይለኛል። እኔም እንደመጣልኝ እመታለሁ። አብዛኛው ጩኸት ነበር። አንዳንዴ ግን እጄን ያዝ ያደርግና ይቺን ድገሚያት ይለኛል፤ ስደግማት ቶሎ ብሎ ወረቀቱ ላይ ይጽፋታል። ምን እያደረግን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ከሥዕሉ ዜማ እያወጣን ነው» አለኝ።

ቃሉን ከቤት አውቀው ነበር። አባቴ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን እየዞረ የድሮ ሥዕል ሲያይ በእርሳስ ወረቀት ላይ ያሰፍርና ቤቱ መጥቶ በቀለም ይሠራዋል። ይህን ሥራ «ማውጣት» ይለዋል። ይችን ከየት አወጣሃት ብለው ሲጠይቁት፣ ከእንዲህ ያለው ደብር ነው ያወጣኋት ይላል። ለእኔ ሁለቱ ሰዎች የአንድ ሙያ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ከግድግዳ ሥዕል ያወጣል፣ ሌላው ከሥዕል ዜማ ያወጣል። ትልቅ ስሆን እኔም የማወጣው ነገር እንደማላጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ቃሉ በእኛ ከተማ ሦስተኛ ትርጉም እንዳለው፣ ያም በየጊዜው በሬዲዮ «ቅርስ ከአገር ሲያወጡ ተያዙ» ተብሎ የሚነገረው እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

በጥር ወር አባ ምስጋኑ አባቴን አስጠሩት። አባ ምስጋኑ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ካለ ገደል ሥር የምትገኝ የኪዳነ ምሕረት ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ ካህን ናቸው። እኛ ቦታዋን «ዋሻዋ» ነበር የምንላት። አባቴ አህያ ተውሶ ወረቀቱን፣ ሰሌዳውንና እኔን ጫነና ሄድን። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። አባ ምስጋኑ ጧፍ ይዘው ሥዕሏን አሳዩን። ግማሿ የለም። ላይኛው የእመቤታችን ፊት አለ፤ ግርጌው ግን ምስጥ በልቶታል። ግርጌው ላይ ለተጠማ ሰው ጥቂት ውኃ ሰጥቶ ምሕረት ያገኘው ኃጢአተኛ ነበር የሚሣለው። ከእሱ የቀረው ውኃ የያዘ እጅ ብቻ ነው።

አባቴ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ሲሠራ እኔ ደጅ ላይ ከአህያዋ ጋር ቆሎ እቆረጥም ነበር። የአባ ምስጋኑ ድምፅ ከዋሻው ግድግዳ እየተመለሰ ይሰማኛል።

«ሳትጠፋብን አውጣልኝ፣ ልጄ። ይችስ አልቆላታል። የኪዳነ ምሕረት ለት እኔው በእጄ እቀብራታለሁ፤ ማንም አይወቅ፣ ማንም አይርገጣት። አዲሲቱን አምጥተህ ኸቦታዋ ታኖራታለህ።»

ቆሎ መቆርጠሙን ተውኩ። አንዲት ሴትዮ ታማ፣ አባ ምስጋኑ በድብቅ ሊቀብሯት ነው ብዬ ደመደምኩ። አዲሲቱ ደግሞ ሌላ ሚስት መሰለችኝ። ካህን እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላምንም ነበርና ፈራሁ፤ እስከ ቤት ድረስ ትንፍሽ አላልኩም። አባቴን ያኔ ብጠይቀው ኖሮ ስቆ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም ሊቀበር የታሰበው ማን እንደሆነ አውቄ ለሚጠይቀኝ ሰው እናገር ነበር። ሴትዮዋ ሥዕሏ መሆኗን የተረዳሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

አባቴ ላይኛውን ክፍል በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ። ምስጡ የበላው ፊት ከየትም አይገለበጥም። ኃጢአተኛ ነው እንዳይባል ምሕረት አግኝቷል፤ ጻድቅ ነው እንዳይባል የሠራው ሥራ ያስፈራል። አንድ ዓይን ወይስ ሁለት ዓይን እያለ አራት ቀን ብሩሹን ይዞ ተቀመጠ። እናቴ ሁለት አድርገውና ተገላገል አለችው። በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠራኝና አሳየኝ። ሰውየው ወደ ጎን ነው፤ አንድ ዓይኑ ይታያል። ግን ከአፍንጫው ድንበር ማዶ የሁለተኛው ዓይኑ ጥግ፣ አንዲት ነጭ ሰበዝ የምታክል፣ ብቅ ብላለች። «እየዞረ ነው» አለኝ አባቴ። ያን ቀን ያየሁበት ፊት ዳግመኛ አላየሁበትም።

ጋሽ ዘመን ሥዕሏን ሲያይ ሻዩን ረሳው። እስከ ፋሲካ ድረስ አዳራሹ ውስጥ ትቀመጥልኝ፣ ዜማዋን ላውጣ ብሎ ለመነው። አባቴ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ማቆየቱ አይቀርም ነበርና ፈቀደለት። ደስም አለው መሰለኝ፤ የሠራውን ነገር እንዲህ የለመነው ሰው አልነበረም።

እየዞረ ያለን ሰው እንዴት ይጫወቱታል? ጋሽ ዘመን በአንድ እጅ ጀምሮ በሁለት ጨረሰ፤ አልወደደውም። ግራውን አስቀድሞ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነለትም። ሦስት ቀን ተነጫነጨ። በአራተኛው ቀን አንተ ተነሣልኝ አልኩት። በቀኜ የምወዳትን አንዲት የአንቺሆዬ ዜማ ጀመርኩና የግራዬን ትንሿን ጣት መንገድ ላይ ድምፁን ካጣ አንድ ቁልፍ ላይ አሳረፍኳት። እንጨቱ ጡ አለ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ጡ እያለ ከዜማው ሥር ተከተለ። እንደዚያ ሁለተኛ ዓይን፣ አለ፣ ግን ገና አልመጣም። ጋሽ ዘመን አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረና መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ወዲያውም ጻፈው። እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ላይ ከሞተ ቁልፍ ያገኘሁት።

በሁዳዴ እኩሌታ አባ ምስጋኑ ዐረፉ። አባቴ ለቀብር ሄዶ ሳለ የድሮዋ ሥዕል ከቦታዋ እንደሌለች አይቷል፤ እንዳሉት ቀብረዋታል ብሎ አዲሲቱን ሊወስድ ወደ ሆቴሉ መጣ። ጋሽ ዘመን ዜማው አልተጨረሰም፣ ትንሽ ታገሠኝ አለው። ሌላ ጊዜም እንዲሁ። አዲሲቱ ያኔ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። የት እንዳለች እኔ አውቅ ነበር፤ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ኋላ፣ ከእንጨት ምድጃው በላይ፣ ከሌሎች የአባቴ ሥዕሎች ጋር ጭስ ውስጥ ተሰቅላ። ስጋ መስላ ነበር። ምን ልትሆን ነው ብዬ ስጠይቀው ጋሽ ዘመን ቀለሟ ቶሎ እንዲደርቅ ነው አለኝ፤ ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ በድንገት ደርቃ ስትመጣ ደስ እንዲለው ነው ብሎም ጨመረልኝ። ምስጢር በአደራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ጠበቅሁለት።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት በሆቴሉ ያረፈ አንድ ፈረንጅ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በሻንጣው የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ይዞ ተገኘ። ከተማው ታመሰ። በነጋታው ሁለት ሰዎች ወደ ሆቴሉ መጡ፤ አንዱ መርማሪ ነው፣ ሌላው ይጽፋል። አባቴን በረንዳ ላይ አስቀምጠውት እኔን አዳራሽ ውስጥ አስገቡኝ። ጋሽ ዘመን መስኮቱ ጋ ቆሟል። መርማሪው ደግ ሰው ነበር፤ ብስኩት ሰጠኝ። የቤቱ ፒያኖ ተጫዋች አንቺ ነሽ አሉ ብሎ ሲጀምር ደረቴ አበጠ። አባቴን ሊሸልሙት የመጡ መስሎኝ ነበር።

«እዚህ ፒያኖ ላይ የነበረችውን የኪዳነ ምሕረት ሥዕል አባትሽ ከየት ነው ያመጣት?»

«ከዋሻዋ ነው ያወጣት።»

«አንቺ አብረሽው ነበርሽ?»

«አዎ። አባ ምስጋኑ ናቸው ያሳዩን። ከዚያ ለጋሽ ዘመን አመጣለት፤ ጋሽ ዘመን ደግሞ ከሷ ዜማ አወጣ።»

ጸሐፊው የመጨረሻዋን አልጻፋትም። እኔ በትክክል መለስኩ ብዬ ወደ ጋሽ ዘመን ዞርኩ። እሱ ወደ ውጭ ያያል። መርማሪው ልጅቷ የምትለውን ምን ትላለህ አለው። ጋሽ ዘመን ከመስኮቱ ሳይዞር፣ «ልጅ ናት፤ ምን ብላ ትዋሻለች?» አለ። እያሞገሰኝ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ጋሽ ዘመን «ማውጣት» በሠዓሊ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ እኩል ያውቅ ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። በረንዳው ላይ የነበረው አባቴም ሁሉን ሰምቷል፤ መስኮቱ ክፍት ነበር።

ወሰዱት። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ መጥቶ የሥዕሏን ዕድሜ ይመረምራል ተባለ፤ ባለሙያው ሳይመጣ ክረምት ገባ። አባ ምስጋኑን የተኩት፣ የድሮዋን በቅርብ አይተው የማያውቁት ካህን ሥዕሏን አይተው የኛው ናት አሉ። ጠቁራለች፣ ተሰነጣጥቃለች፣ ጭስ ጭስ ትሸታለች። በከተማው የሚወራው ደግሞ አንድ ነበር፦ አረጋ አዲስ ቅጂ የሠራው በቦታዋ ተክቶ የድሮዋን ሊሸጥ ነው፣ ሽማግሌው ካህን ሲሞቱ ግን ቅጂው ስለማያስፈልገው አቃጠለው። አባቴ እኔ ነኝ የሣልኳት፣ ለሆቴሉ ያዋስኳት ናት እያለ ሦስት ወር ጮኸ። የሚሰማው አልነበረም። ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ሳምንት ግን አንድ ቀን በድንገት ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ላከ፤ አጥፍቻለሁ፣ ንስሐ ስጡኝ አለ። ሥዕሏ ተመልሳለችና ቤተ ክርስቲያን ማረችው፤ ክሱም ተዘጋ። ቀኖናው ሁለት ዓመት ከወንዝ ውኃ እየቀዳ ወደ ዋሻዋ ማመላለስ ነበር።

ሥዕሏ በዝማሬና በእልልታ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ አየኋት፤ ከሩቅ፣ በድባብ ጥላ ሥር፣ ጥቁር አሮጌ ሰሌዳ። አባቴ የሣላት ብሩህ ነበረች፤ ጭሱንም ለማድረቂያ እንጂ ለሌላ አላሰብኩትም። እንግዲያው ሁለት ናቸው አልኩ፤ ሰዎቹ ያሉት እውነት ነው። ያን ጊዜ ነው «አወጣሁት» የሚለው የአባቴ ቃል በራሴ ውስጥ የተገለበጠው። ለካ ያወጣ የነበረው እንዲህ ነው። ራሱ አጥፍቻለሁ ካለ እኔ ማን ነኝ?

አባቴን ተጠየፍኩት። ሌላ ቃል የለኝም። ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ሲሉኝ አልጣላም ነበር፤ ትክክል ናቸው ብዬ አምን ነበርና። ብሩሹን አጥቦ ደጅ ላይ ሲያሰጣው በሌላ በኩል ዞሬ እገባ ነበር። የብልባላውን መቅደስ ጉዳይ ማንም ዳግመኛ አላነሣም፤ ኮሚቴው ከአዲስ አበባ በማተሚያ የታተሙ ሥዕሎች አስመጥቶ ግድግዳው ላይ አስለጠፈ። በፕላስቲክ ተለብጠው ያብረቀርቃሉ። አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመረ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጋሽ ዘመን አዲስ አበባ ወስጄ አስተምራታለሁ ሲል እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ልብሴን የሸከፍኩት በዚያው ቀን ነው። አውቶቡሱ ጋ አባቴ ሊስመኝ ሲጎነበስ ጉንጬን ሳይሆን ነጠላዬን ሰጠሁት።

አሥራ አራት ዓመት በጋሽ ዘመን ቤት፣ በጋሽ ዘመን ፒያኖ፣ በጋሽ ዘመን ደግነት አደግሁ። በዓል ሲሆን ለእናቴ እደውላለሁ፤ ስልኩን ለአባትሽ ልስጠው ስትለኝ ኔትዎርኩ ይቆራረጣል።

አምና አንድ እሑድ ከሙዚቀኞች ጋር ምሳ ላይ ነበርን። አንዱ ጋሽ ዘመንን ስለ ላሊበላ ዘመኑ ጠየቀው። ጋሽ ዘመን ሲያረጅ ወሬ ይወዳል፤ ጠጅም ነበረ። አዲስ ሥዕል እንዴት ሦስት መቶ ዓመት እንደሚያረጁት ያወራ ጀመር። ሦስት ሳምንት ከወጥ ቤት ጭስ በላይ፣ ከዚያ የቡና አተላ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማሰነጣጠቅ፤ ማታ ፈረንጁ ፊት ያቆሙትና ከሥሩ ፒያኖ መምታት። ዜማው ነው የሚሸጠው አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ኪዳነ ምሕረቷንም?» አልኩት።

ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ አዟዟረው። «እድልዬ፣ ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አንቺን ግን አስተማርኩሽ» አለ።

ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ሆኑ። ብሩህዋና ጥቁሯ አንድ ናቸው፤ ሌባ አልነበረም፤ ሌባ ካለም አብሬው ምሳ እየበላሁ ነው። ከዚያ ቤት በማግስቱ ወጣሁ። ቁጣዬን ለእሱ ላድርገው ብል ግን ወደ ራሴ ይመለስብኛል። እሱ ያደረገውን ለጥቅሙ አደረገ፤ እኔ ሥዕሏ ስትሣል በዓይኔ አይቼ ሰው ያለውን ያመንኩ ልጅ ነኝ።

ላሊበላ ስደርስ አባቴ አንድ የእህል ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ መሰላል ላይ ቆሞ የወፍጮ ቤቱን ስም በቀይ ቀለም እየጻፈ ነበር። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። መሰላሉን ያዝኩለትና ሁሉንም ከታች ሆኜ ነገርኩት፤ ጭሱን፣ አተላውን፣ ያኔ የተናገርኩትን ቃል። ፊደሉን እስኪጨርስ አልወረደም። ወርዶ እጁን በጋዝ ሲያጥብ፣ ሦስት ወር ሙሉ አልሰረቅሁም ስትል ቆይተህ ለምን አጥፍቻለሁ አልክ ብዬ ጠየቅሁት።

«ፍርድ ቤት ቀርበሽ መስክሪ ሊሉሽ ነበር» አለኝ። «ኸአባቷ ላይ መሰከረች እየተባልሽ ልትኖሪ ነው? አንቺ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፤ እኔ ውኃ ብቀዳ ምን እሆናለሁ አልኩ።»

አለቀስኩ። እሱ ግን እንድታቅፈው የመጣች ልጅ አድርጎ አላየኝም፤ መብቱም ነው። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ዝግጅት አለኝ፣ በሥዕሎችህ ላይ የሠራኋቸውን ዜማዎች የምጫወትበት፣ መጀመሪያ ስምህን እጠራለሁ፣ ኪዳነ ምሕረቷን አረጋ ነው የሣላት ብዬ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አልኩት። በጋዜጣም አጽፋለሁ፣ ብልባላ ድረስ ይሰማል አልኩት።

አባቴ እጁን የሚያብስበትን ጨርቅ ጣለው።

«ተይ» አለኝ። «ተይ፣ እድላዊት። ዋሻዋ ሄደሽ አይተሻታል? ሰው ተንበርክኮ ይሳለማታል። ልጅ ያጣች ተስላላት ወልዳለች። በዕድሜዬ መቅደስ ውስጥ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እኔ ሣልኳት ካልሽ በማግስቱ ያወርዷታል።»

መሰላሉን ተሸከመና ቀለሙን እኔ ይዤለት ወደ ቤት ሄድን፤ እናቴ ሁለታችን አብረን ስንመጣ ስታይ ደነገጠች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ወንበሮች አንዱ ላይ ጋሽ ዘመን ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል፤ አልጠራሁትም፣ እንዳይገባም አልከለከልኩትም። ለአምስቱ ዜማዎች የአባቴን ስም ጠራሁ፤ እነሱ የቱሪስት ሥዕሎች ናቸው፣ ማንንም አያስከፉም። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ከኋላዬ ባለው ሸራ ላይ የኪዳነ ምሕረቷ ፎቶ በራ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። አዳራሹ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«ይህች ሥዕል ላስታ ውስጥ በአንዲት ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች» አልኩ። «ዕድሜዋ ሦስት መቶ ዓመት ይገመታል። ሠዓሊው አይታወቅም።»

ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ዘመንም አጨበጨበ። በስምንት ዓመቴ ሳላውቅ የቀማሁትን አባቴን በሃያ ስምንት ዓመቴ አውቄ ቀማሁት፤ ከዚያ ተቀምጬ ተጫወትኩ።